ሁሉም ሳይደርስ ቡና አይቀዳም፦ ስለ ጅማው የቅዳሜ ሩጫ ቡድን

ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ነው። ሱቄ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት በእጄ ያልፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልደት ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ። አብዛኛው ሳላነበው ይወጣል። አንድ የሰኔ ከሰዓት ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ይዘውልኝ የመጡትን ደብተር ግን እስከ ዛሬ ገጽ በገጽ አስታውሰዋለሁ።

ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሏል። ፌስታሉ አላዳነውም። ዝናብ ገብቶበት ጠርዙ አብጧል፣ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። «የኔ ልጅ፣ ቀለሙ ጨርሶ ሳይለቅ አንድ ኮፒ አንሺልኝ» አሉኝ። ገጾቹን በማስመሪያ ጠርዝ እያላቀቅኩ አንድ በአንድ ማሽኑ ላይ ማንጠፍ ጀመርኩ። ሥራው ቀስ ያለ ስለነበር ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ቀረ።

በየገጹ አናት ቀኑ አለ። ከሥሩ አየሩ። ከዚያ የመጡት ሰዎች ስምና ፊርማ። ከታች አንድ ወይ ሁለት መስመር። «ቅዳሜ። ጉም። 4 ሰው። ቦዬ ደርሰን ተመለስን።» ሌላው ገጽ፦ «ቅዳሜ። ዶፍ። 2 ሰው። ሮጥን።»

ይቺ «ሮጥን» ልቤን ነካችው። ሁለት ሰው፣ የጅማ ዶፍ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ሒሳቤን ስቀበል «ጋሼ፣ ለእኔ ቢጤ ጀማሪም ቦታ አለ?» አልኳቸው። «ቅዳሜ 12 ሰዓት ነይ፤ ስምሽን እጽፈዋለሁ» አሉኝ።

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈኝ። አሁን ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ቡድኑ ይጠይቀኛል። ስንት ይከፈላል? ይከብዳል ወይ? ለሴት ይሆናል? ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው አልኩ። ጥሩውንም፣ የሚጎድለውንም።

ቡድኑ ስም የለውም። ማኅተምም፣ ባነርም የለውም። ያለው ደብተሩ ነው፤ ስለዚህ ከደብተሩ ልጀምር።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ነገሩ የተጀመረው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ፀጉራቸውን የሚቆርጣቸው ሰው ታሞ ሲመረመር ደም ግፊት እንዳለበት ተነገረው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ ግን ከወንበሩ ዙሪያ ፈቀቅ አይልም። በዚህ ዕድሜዬ ስፖርት እንዴት ይጀመራል ብሎ መቀሱን እንደያዘ ጠየቃቸው። «ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ጠብቀኝ» አሉት። ጎረቤቱ ሲስተር ከአዳር ሥራ ስትመለስ ሁለቱ ቱታ ለብሰው ቆመዋል። ከመካከላችሁ አንዱ ቢወድቅ ማን ሊያነሳው ነው ብላ ቦርሳዋን ቤት ጥላ ተከተለቻቸው። ሦስት ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር የለም። የሚቆጠረው የመብራት ምሰሶ ነው። «1 ምሰሶ ሶምሶማ፣ 3 ምሰሶ እርምጃ» ይላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ «2 ምሰሶ ሶምሶማ፣ 2 ምሰሶ እርምጃ»። እንዲህ እያለ ሶምሶማው እየረዘመ፣ እርምጃው እያጠረ ይሄዳል። አንድ ገጽ ላይ «ዛሬ ምሰሶ መቁጠር ተውን» ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን ፀጉር አስተካካዩ አንድም ጊዜ ሳይቆም ቦዬ ደርሷል።

ይህ ዘዴ ዛሬም አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ በምሰሶ ይጀምራል፤ እኔም እንደዚያው ጀምሬያለሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሰዓት አያስፈልግም። ስልክ አያስፈልግም። ምሰሶው ፊት ለፊት ይታያል፤ እሱ ጋ ብቻ ልድረስ ትያለሽ፣ ትደርሻለሽ።

አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ጋሼ የኒውዚላንዱን ታሪክ ያነሳሉ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አልሰለቸኝም። አርተር ሊዲያርድ የሚባል አሠልጣኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ሠልጣኞቹ ፒተር ስኔል በ800፣ መሪ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር ወርቅ ወሰዱ። ሰውየው በሻምፒዮኖቹ ብቻ አላበቃም። በ1962 በእሱ አነሳሽነት ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ለተራው ሰው የሶምሶማ ክለብ ተቋቋመ። ከአባላቱ መካከል ልባቸውን ታመው የተነሱ ሰዎች ነበሩ። ያኔ ልቡን የታመመ ሰው ይተኛ፣ ይረፍ ነበር የሚባለው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢል ባወርማን የሚባል አሜሪካዊ አሠልጣኝ ሊጎበኛቸው ሄደ። በኋላ ናይኪን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። አብሯቸው ሊሮጥ ወጣ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረው። ከ70 ዓመት ያለፉ፣ ልባቸውን ከአንድ ጊዜ በላይ የታመሙ አንድ አዛውንት ፍጥነታቸውን ቀንሰው አብረውት ቀሩ። እያወሩት አደረሱት። ባወርማን አገሩ ኦሪገን ሲመለስ ሶምሶማን ለከተማው ሰው ማስተማር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ ይህን ሲተርኩ «አብረውት ቀሩ» የምትለዋን ረገጥ አድርገው ነው የሚናገሯት።

እኛ አገር ሩጫ ሲባል የሚታየን ሜዳሊያ ነው። በዚያችው ሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሷል፤ እንዴት አይታየን! ግን በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ሩጫ ለሯጭ ነው ብሎ ቁጭ ይላል። ጅማ ደግሞ የኳስ ከተማ ናት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ እኔም ሱቄን ዘግቼ መንገድ ወጥቻለሁ። ሮጬ አላውቅም ነበር እንጂ ስለ ሯጭ ሰምቼ እንባዬ መጥቶ ያውቃል።

የሲስተር ታሪክ ይህንኑ ይነካል። እሷ ሁልጊዜ የምታነሳው ባርሴሎናን ነው፤ እ.ኤ.አ. 1992፣ 10,000 ሜትር። ደራርቱ ቱሉ ቀድማ ገባች። መስመሩ ላይ ቆማ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን አብረው ዞሩ። «ወርቁ የእሷ ነው፤ ግን ቆማ ጠበቀቻት» ትላለች ሲስተር።

የቡድናችን ትልቁ ሕግም ይኸው መጠበቅ ነው። የመጣው ግን ከባርሴሎና ሳይሆን ከራሳችን ስህተት ነው። ደብተሩ ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ገጽ አለ። ሰው ዐሥራ ሁለት ደርሶ ነበር። ጠንካሮቹ ወደ ፊት ተስበዋል። አንዲት ወጣት አስተማሪ ጅሬን ዳገት ላይ ወደ ኋላ ቀረች። ጉሙ ወፍራም ነበር። ውሾች ከበቧት። የአንድ ግቢ ዘበኛ ወጥቶ ነው ያስጣላት። እንባዋን እየጠረገች ላይ ስትደርስ ሌሎቹ አቦሉን ጠጥተው ቶናው ላይ ናቸው። አንድ ቃል ሳትናገር ባጃጅ ይዛ ወረደች።

ገጹ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሰው ትተን መጣን።» ከሥሩ በሲስተር እጅ፦ «ሁሉም ሳይደርስ ቡና አይቀዳም።» ከዚያ ዐሥራ አንድ ፊርማ። ኮፒ ሳነሳው ቀዩ ቀለም እየደበዘዘ አልወጣ አለኝ። ማሽኑን አጥቁሬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ፊርማዎቹ ሁሉ ወጡ።

በማግስቱ ጋሼ፣ ሲስተርና ፀጉር አስተካካዩ ሽማግሌ እንደሚላክ ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቋት። ተመለሰች። ዛሬ የቡድኑ ደጀን እሷ ናት። ደጀን የምንለው ምንጊዜም ከመጨረሻው ሰው ጋር የሚሮጠውን ነው። እሷ ካልመጣች ሌላ ሰው ይተካል፤ ያለ ደጀን ግን አይነሳም።

የሕጉን ነገር የተረዳሁት በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ መጀመሪያ ጅሬን በወጣሁ ቀን ነው። ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የኖሩበት። ከመሀል ከተማ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በእግር ሲወጣ ሌላ መንገድ ነው። ደረቴ ተቃጠለ። ባቴ ድንጋይ ሆነ። የሌሎቹ ድምፅ ከፊቴ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች በሰላምታ አለፉኝ። በር ላይ የቆሙ ልጆች በኦሮምኛ «ጀባዻ! ጀባዻ!» (በርቱ! በርቱ!) እያሉ ጮኹ። አስተማሪዋ ከግራዬ አልተለየችም። «አይዞሽ» እንኳ አላለችኝም። ስለ ልጆቼ ትምህርት፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ሱቄ ኪራይ ጠየቀችኝ። መልስ ለመስጠት ስል ትንፋሼን መሰብሰብ ነበረብኝ፤ ትንፋሼን ስሰበስብ እግሬ ቀጠለ። በኋላ ነው የገባኝ። እያወራሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።

ላይ ስደርስ ሰዉ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ጀበናው ከፍሙ ዳር ነው። ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ባዶና ደረቅ። አንዱም አልተነካም። ቀድመው ከደረሱ አርባ ደቂቃ አልፏቸዋል፤ ላባቸው ደርቆ ሹራብ ደርበዋል። ቡና የምታፈላልን እህታችን አየችኝና ጀበናውን አነሳች። የመጀመሪያውን ሲኒ ለእኔ ሰጠችኝ። ሐጂ፣ የቡና ነጋዴው አባላችን፣ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ከታች ጉሙ እየተከፈተ የጅማ ቆርቆሮ ጣሪያ አለፍ አለፍ ብሎ ይታያል። እንደዚያን ቀን የጣመኝ ቡና የለም፤ የቡና አገር ሰው ሆኜ ነው የምናገረው።

አሁን ለጠያቂዎቼ።

ክፍያው በየቅዳሜው 30 ብር ነው። ለቡናው፣ ለስኳሩ፣ ለቆሎና ለዳቦው፣ ጅሬን በምንወጣበት ቀን ደግሞ ጀበናውንና ከሰሉን ለሚያደርሰው ባጃጅ። የመመዝገቢያ የለም። የሌለው አይጠየቅም፤ ደብተሩ ላይም ማን ከፈለ የሚል ዓምድ የለም። እኔ ከዚህ በፊት አንድ ጂም የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍዬ ነበር። የመሮጫው ማሽን በሁለተኛው ሳምንት ተበላሸ። ገንዘቤም አልተመለሰ፣ ማሽኑም አልተሠራ። ስለዚህ የ30 ብሩን ዋጋ አውቀዋለሁ።

መንገዳችን ሦስት ነው። ሜዳ የሚፈልግ የቦዬ መንገድ ይመቸዋል፤ ረግረጉ ላይ ወፎቹ ሲነሱ ማየት ብቻውን ይበቃል። ወደ ቴክኖሎጂ ግቢው ወደ ኪቶ ፉርዲሳ የሚወስደው መካከለኛ ነው። ጅሬን በወር አንዴ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀስ ይበል።

ጫማ ብዙ ሰው ያስጨንቀዋል። አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። አብዛኞቻችን የምንለብሰው ገበያ ላይ የተገዛ ሰልባጅ ነው። ስትገዙ ሶሉን እጠፉት። ከጣቶቹ ሥር ከታጠፈ ጥሩ ነው፤ ከመሀል ከተሰበረ ተዉት። ከዚያ ክረምት ሳይገባ ሊስትሮ ጋ ወስዳችሁ ሶሉን ዙሪያውን አሰፉት። የጅማ ጭቃ ማስቲሽ አያውቅም። የእኔ የመጀመሪያ ጫማ ሐምሌ ላይ ኪቶ መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ሶሉን በእጄ ይዤ ነው የተመለስኩት። ከተሰፋው በኋላ ሁለት ክረምት አሳልፎልኛል።

በረመዳን ሰዓቱ ይቀየራል። ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም ናቸው። ሩጫው ወደ ቅዳሜ አመሻሽ ይዞራል፤ ከመግሪብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ በቀላሉ እንንቀሳቀሳለን። ከዚያ ጀበናው ቀርቦ አዛን ይጠበቃል። የማንጾመውም ሲኒ አንነካም። ማንም ይህን ሕግ አላወጣም፤ የድሮው ሕግ ራሱ ነው የሚሠራው፤ ሁሉም ሳይደርስ ቡና አይቀዳም። በዓቢይ ጾም ደግሞ ቆሎና ዳቦው እንደወትሮው ለሁሉም ይሆናል።

ጥቂቶቻችን አንድ ኅዳር አዲስ አበባ ሄደን ታላቁ ሩጫን ሮጠናል። ውድድሩ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ሲጀመር የመጀመሪያውን ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነው። እኛ ስድስት ነበርን። 350 ኪሎ ሜትር ግድም በአውቶቡስ ተጉዘን፣ ቲሸርታችንን ለብሰን፣ ያን የሰው ባሕር ሳይ እግሬ ራደ። አንጠፋፋም ተባብለን 10 ኪሎ ሜትሩን አብረን ገባን። ደብተሩ ላይ «አዲስ አበባ። ፀሐይ። 6 ሰው። ሁሉም ደረሰ» ተብሎ ሰፍሯል።

የሚጎድለውንም ልናገር። ማሟሟቂያችን አጭር ነው። ጋሼ ሲኖሩ ይታዘዛል፤ ከሌሉ ሰዉ ትንሽ ተወዛውዞ ይነሳል። እኔ በዚህ ምክንያት ባቴን ጎድቼ ሁለት ሳምንት አነክሻለሁ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ የምንለው የሲስተር ቦርሳ ነው፤ እሷ አዳር የገባች ቀን ፋሻም የለን። የቦዬ መንገድ ላይ የጭነት መኪና በጠዋት ይበዛል። ክረምት 12 ሰዓት ላይ ገና ድንግዝግዝ ነው፤ እኛ ግን የሚያንፀባርቅ ልብስ የለንም። ይህ በእውነት ያስፈራኛል። ከቡና ገንዘብ የተረፈው ለዚህ ይዋል ብዬ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ፤ ሦስተኛም አነሳለሁ።

ለሴቶች ደግሞ ልብስ መቀየሪያም ሆነ መጸዳጃ የለም። ቤት ለብሶ መምጣት ነው። በሒጃብ የሚሮጡ እህቶች አሉን፣ ነጠላ ወገባቸው ላይ አስረው የሚሮጡ እናቶችም አሉ። ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም። መንገድ ላይ የሚለክፍ ጎረምሳ ግን አይጠፋም። ደጀን ካለች በኋላ ቀንሷል፤ ሁለት ሆኖ የሚሄድ ሰው እንደ አንድ ሰው አይደፈርም።

ለውድድር መሠልጠን የሚፈልግ ወጣት እዚህ ቢመጣ ይከፋዋል። ሰዓት የሚይዝ የለም። ሁለት ጎበዝ ልጆች መጥተው፣ ቡና መጠበቁ አላስችላቸው ብሎ ትተውናል። አልፈርድባቸውም፤ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ክብደቱ የጨመረበት፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሮ ይምጣ። ከወለደች በኋላ ሰውነቷ የከበዳት፣ ጡረታ ወጥቶ ቤት የሰለቸው፣ ለሥራ ወደ ጅማ ተዛውሮ ሰው የማያውቅ፣ ሁሉም ይምጣ። የፀጉር አስተካካዩን ግፊት ሲስተር በየወሩ ትለካለች። መድኃኒቱን አላቆመም፣ እንዲያቆምም አትፈቅድለትም፤ ቁጥሩ ግን ወርዷል።

ከአምስት ስጪ ብትሉኝ አራት ተኩል እሰጣለሁ። ግማሿን የያዝኩት ለፋሻውና ለሚያንፀባርቀው ልብስ ነው።

የረጠበው ደብተር አሁን ሞልቷል። ጋሼ ቤት በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ኮፒው እኔ ሱቅ ነው። አዲሱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሽፋኑን ላሚኔት አድርጌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ጋሼ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። አንዲት አዲስ ልጅ ነበረች፤ ከባንክ ቤት የመጣች፣ በምሰሶ የምትሄድ። ገጹን ቡናው ከተቀዳ በኋላ ጻፍኩት፦

«ቅዳሜ። ካፊያ። 23 ሰው። ኪቶ ደርሰን ተመለስን። ደጀን፦ እኔ።»